ቁልቁል ከታቦቱ ጋር፦ ከጥር 9 እስከ ጥር 12 በየካ ተራራ ግርጌ

ጥር 9፣ ከሰዓት በኋላ

ከኮተቤ አልፎ ወደ ካራ በሚወጣው መንገድ በስተግራ የየካ ተራራ ይታያል። አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አገሩ ልማድ ከፍ ያለውን ቦታ ይዘው፣ በጽድና በባሕር ዛፍ ተከልለው ተቀምጠዋል፤ ውኃው ከታች ነው። በመሐል ከተማ፣ በጃን ሜዳ፣ የጥምቀትን በዓል የሚያከብር ሰው ይህን ልብ አይለውም፤ በዚያ ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ ነው። በዳርቻው ግን ታቦቱ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ የሚሄድበት መንገድ ቁልቁለት ነው። የጥምቀት ትርጉም ያለውም እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ጌታ ከገሊላ ወደ ዮርዳኖስ ወረደ። ዮሐንስን ማስጠራት ሲችል እርሱ ራሱ አገልጋዩ ወዳለበት ሄደ፤ ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ ከሚጠመቁት ጋር ኃጢአት የሌለበት እርሱ ተራ ጠብቆ ቆመ። ዮሐንስ “እኔ ባንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል” ብሎ ሲከለክለው እንኳ ጽድቅን ሁሉ መፈጸም እንደሚገባ ነግሮት ወደ ውኃው ገባ።

ዋዜማው ገና ነው፤ የውኃው ሥራ ግን ዛሬ ማለቅ አለበት። ከተራ የሚለው ስም የመጣው “ከተረ” ከሚለው ቃል ነው፤ አገደ፣ ገደበ ማለት ነው። ወራጅ ውኃ ባለበት አጥቢያ አሠራሩ የቆየ ነው። ወንዙ ጠበብ የሚልበት ቦታ ይመረጥና ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፤ በድንጋዩ መሐል ከነአፈሩ የተቆረጠ ሣር ይጠቀጠቃል፤ ውኃው በሚገፋበት ፊት በኩል ደግሞ የሚጣበቅ ጭቃ ይመረጋል። በአንዱ ጎን ከግድቡ አናት አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ ማፍሰሻ ይተዋል። እሱ ከተረሳ ውኃው ሌሊቱን ሞልቶ ግድቡን ከመሐሉ ይንደዋል፤ ጠዋት ሕዝቡን የሚጠብቀው ጭቃ ብቻ ይሆናል። ጥር በጋ ስለሆነ ምንጩ ቀጭን ነው፤ ለመሙላትም ደለሉ እስኪረጋም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተራ በጥር 10 ይጠራ እንጂ የሰፈሩ ጎበዞች ውኃውን የሚከትሩት ቀደም ብለው ነው።

አሁን አሁን በብዙ ቦታ ከወንዝ ይልቅ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእንጦጦና ከየካ ወርደው ወደ ትልቁ አቃቂ የሚገቡት ጅረቶች ከላይ ንጹሕ ቢሆኑም ሰፈር ካቋረጡ በኋላ የመጸዳጃና የእጥበት ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል። ከሰፈር በታች ያለ ውኃ ለጥምቀት አይከተርም፤ ሕፃናት ይጠጡታልና። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ገንዳ 10 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ አንድ ቦቴ ይሞላዋል። ስህተት የሚፈጠረው በፓምፑ ነው። በደቂቃ 500 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ያንን ሁሉ ውኃ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከኋላ ያለው ሕዝብ ገና ሳይደርሰው ውኃው ሲያልቅ ግፊያው ይጀምራል፤ የሚጎዱትም ከፊት ያሉ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መፍትሔው የጎማውን አፍ በቀጭን መርጫ ማጥበብ፣ በየመሐሉ ማረፍና ሁለተኛ ቦቴ ማዘጋጀት ነው። የመሳቢያው አፍ ከገንዳው ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በወንፊት ይሸፈናል፤ አለዚያ አሸዋ ይስብና ሞተሩ በበዓሉ መሐል ቀጥ ይላል። ፓምፑን ዛሬ አስነሥቶ መሞከር ግድ ነው።

የምእመኑም የራሱ ዝግጅት ዛሬ ነው። የተጣላ ይታረቃል፤ ንስሐ መግባት የሚፈልግ የንስሐ አባቱን ዛሬ ያገኛል። ነገ ካህኑ ትከሻው ላይ ካባ ደርቦ፣ ሕዝብ ከብቦት እያለ ኃጢአትን መናገር አይቻልም። ብዙዎች ይህን ለነገ ይተዉና በዓሉ ያልፋቸዋል።

ጥር 10፣ ከተራ

ዛሬ ጾመ ገሃድ ነው፤ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ። ገሃድ ማለት ግልጥ፣ የታየ ማለት ነው፤ በዮርዳኖስ የሥላሴ ምስጢር በገሃድ ስለተገለጠ ነው ስሙ። አብ በደመና ሆኖ ሲናገር፣ ወልድ በውኃው ቆሞ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲወርድ ታየ። የነገው በዓል ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል አይጾምም፤ ይበላል፤ የዛሬው ጾም ያን ይክሳል። ዋዜማው ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ከዋለ ከእህልና ከውኃ መከልከል የለም፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከል ብቻ ነው። በሌሊቱ ቅዳሴ ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ግን ሰዓቱን ማስላት አለበት። ሥርዓቱ 18 ሰዓት ነው። ቁርባኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ ከዛሬ ረፋድ 5 ሰዓት ጀምሮ ውኃም ቢሆን አይቀመስም ማለት ነው። ቁርስ ዘግይቶ በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ፣ በመጨረሻ ከቁርባኑ ደጃፍ የሚመለስ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ለመንገዱ የሚያዘው ጥቂት ነው። ከነጠላ ሌላ ጋቢ ያስፈልጋል፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ የየካም ሸንተረር የእሱ ጎረቤት ነው፣ የጥር ሌሊት በዚህ ከፍታ አጥንት ይነካል። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፤ ታቦቱ በሚያርፍበት ድንኳን ዙሪያ ጫማ አይረገጥም። ቆሎና ዳቦ። የሚጠጣ ውኃ ለብቻው። ጠበል መያዣ፣ 2 ሊትር ከበቂ በላይ ነው፤ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ግን ውኃውን በሳምንት ውስጥ ያበላሸዋል። ስለታም ነገር በፍተሻ ስለሚያዝ ቤት ይቀራል። ከቀትር በኋላ ታቦት የሚያልፍባቸው መንገዶች ይዘጋሉ፤ ከአያት ወይም ከየካ አባዶ የሚመጣ ሰው ከ6 ሰዓት በፊት ታክሲ ካልያዘ በእግሩ ይሄዳል። መሄዱም ክፉ አይደለም።

ልብሱን በተመለከተ፣ “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ ስለ ጌጥ ብቻ የሚናገር ይመስላል። ነጩ ልብስ ግን ከጌጥ በፊት የተጠማቂ ልብስ ነው፤ ሕፃን ከጥምቀት ሲወጣ ነጭ ያለብሱታል። ዛሬ ነጭ ለብሶ የወጣ ሁሉ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የለበሰውን ልብስ ደግሞ እየለበሰ ነው።

8 ሰዓት ገደማ ደወል ይደወላል። መስቀል የያዙ ዲያቆናት፣ ጃንጥላ የዘረጉ፣ ጽና የሚያጥኑ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በአንድ ዓይነት ልብስ፣ ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው፤ ከዚያ በኋላ ታቦቱን በራሱ የተሸከመ ካህን በወርቀ ዘቦ ተሸፍኖ ይወጣል። እልልታው ከግቢው ቀድሞ ሰፈሩ ይደርሳል።

ቁልቁለቱ ላይ ከባዱ ሥራ የምንጣፉ ነው። ወጣቶቹ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ከፊት ያነጥፋል፣ ሌላው ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልሎ በጎን እየሮጠ ወደ ፊት ያደርሳል። በደልዳላ መንገድ ምንጣፉ ራሱ ይተኛል፤ በቁልቁለት ግን ይንሸራተታል፣ ይታጠፋል፣ የተሸካሚው ካህን ዓይን ደግሞ በመጎናጸፊያው የተጋረደ ስለሆነ እጥፋቱን አያየውም። ስለዚህ በየምንጣፉ አራት ማዕዘን አራት ሰው ተንበርክኮ እስኪታለፍ መያዝ አለበት፤ ጠቅልለው የሚሮጡት በሰልፉ ዳር ከሚዘረጋው ገመድ ውጭ እንጂ ከገመዱ ውስጥ አይሮጡም። ቄጠማ ከምንጣፍ ሥር ሳይሆን በዳር በዳር ይጎዝጎዛል፤ እርጥብ ቄጠማ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ሕዝቡ ወደ ታቦቱ መጠጋት ይወዳል፤ ፍቅር ነው። ሆኖም እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ በእነርሱና በታቦቱ መካከል ሁለት ሺህ ክንድ ያህል እንዲሆን ኢያሱ ምዕራፍ 3 ላይ ታዝዘዋል። አንዱን ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ብንይዘው 900 ሜትር ነው። የተሰጠው ምክንያት ደግሞ የሚሄዱበትን መንገድ እንዲያውቁ ነው፤ ከሩቅ የሚያይ መንገዱን ያያል፣ የተጠጋ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ዛሬ 900 ሜትር መጠበቅ አይቻልም። ከገመዱ ውጭ መቆምና ታቦቱ ሲደርስ ሰግዶ ማሳለፍ ግን ይቻላል።

በዚያው ምዕራፍ ላይ ካህናቱ እግራቸው የውኃውን ዳር ሲነካ ከላይ የሚወርደው ውኃ ቆሞ እንደ ክምር ተነሣ። የመጀመሪያው ከተራ ያ ነው ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ወጣት ድንጋይ ደርድሮ የሚሠራውን ያን ጊዜ እግዚአብሔር በካህናቱ እግር ሠራው። በመዝሙር 113 ባሕር አይታ እንደ ሸሸች፣ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው እንደ ተመለሰ የተዘመረው በእነዚህ ቀናት ከሊቃውንቱ አፍ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

መንገዱ በአዳዲስ ሰፈሮች መሐል ያልፋል። በኮንዶሚኒየም በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ለዓመታት ስም ሳይጠያየቁ የኖሩ ጎረቤቶች ዛሬ ታቦቱ በደጃቸው ሲያልፍ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ለደከመው ውኃ ያቀርባሉ፣ ከበሩ ላይ እጣን ያጨሳሉ። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጉልበት ያጡ አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ለእርሳቸው የበዓሉ ትርጓሜ ሁሉ ይኸው ነው፤ መውጣት ስላልቻሉ ወደ እርሳቸው ተወረደ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያውቅ ሰው ለመዘምራኑ አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው፤ ሰልፉ በደጃቸው ሲደርስ ጥቂት ይቆማል።

11 ሰዓት ሲሆን ታቦቱ ድንኳኑ ይገባል። ትምህርትና ቡራኬ ይከተላል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጾሙ በጾም ምግብ ይፈታል።

ከጥር 10 ሌሊት እስከ ጥር 11

ድንኳኑ አጠገብ ማኅሌቱ ይቀጥላል። ብርዱ የሚጠናው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሣር ላይ በቀጥታ የተኛ ሰው ጤዛው ከታች ያርሰዋል፣ ስለዚህ ከጋቢው ይልቅ ከሥር የሚነጠፈው ሰሌን ወይም ሸራ ይበልጣል። ሻማና ጧፍ ከድንኳኑ ጨርቅ አንድ ክንድ ተኩል ይራቅ።

ቅዳሴው የሚጀመረው ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። አባቶች እንደሚያስተምሩት ጌታ የተጠመቀው በ30 ዘመኑ፣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ነው፤ ሠላሳው ዓመት አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጥሮ ያጣትን ልጅነት ለመመለስ ነው። ስለ ዮርዳኖስም ትርጓሜው እንዲህ ይላል፦ ወንዙ ከላይ ምንጩ አንድ ነው፣ ዝቅ ብሎ በደሴት ይከፈላል፣ ከታች ደግሞ ይገናኛል። ሰው ሁሉ ከአንድ አዳም ተገኝቶ በግዝረትና በቁልፈት (ባለመገረዝ) ተለያየ፣ በክርስቶስ ጥምቀት አንድ ሆነ። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን ባሪያዬ፣ ገረዴ ያለበት የዕዳ ደብዳቤም አንዱ በዮርዳኖስ፣ አንዱ በሲኦል ነበር፤ በዮርዳኖስ ያለውን በጥምቀቱ፣ በሲኦል ያለውን በመስቀሉ ደመሰሰው። ጌታ ወደ ውኃው የወረደው ራሱን ሊያነጻ አይደለም። የእኛ ዕዳ ያለው ከታች ስለነበር ነው።

12 ሰዓት ላይ ሰማዩ በየረር በኩል ሲቀላ ካህናቱ ወደ ገንዳው ይመጣሉ። ውኃው ይባረካል፣ አራቱም ወንጌላት በአራቱ ማዕዘን ይነበባሉ፦ ማቴዎስ ምዕራፍ 3፣ ማርቆስ ምዕራፍ 1፣ ሉቃስ ምዕራፍ 3፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 1። አራተኛው ጥምቀቱን እንደ ሦስቱ አይተርክም፤ የመጥምቁን ምስክርነት ነው የሚያሰማው፦ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ እነሆ። በበዓሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሰዓት የለም፤ የሚያሳዝነውም ብዙ ሰው የማይሰማው መሆኑ ነው። ከኋላ ያለው ገና እየደረሰ ነው፣ ከፊት ያለው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፣ ወጣቱ የፓምፑን ድምፅ ይጠብቃል። ድምፅ ማጉያዎቹ ወደ ድንኳኑ ብቻ ከዞሩ ቃሉ ሜዳውን አይደርስም። ሁለቱን ወደ ሕዝቡ ጀርባ ማዞርና ንባቡ እስኪያልቅ የፓምፑን ሞተር አለማስነሣት ቀላል ነው፤ ይህን ያደረገ አጥቢያ ልዩነቱን ያየዋል። ወንጌሉን ሰምቶ ውኃ ያልደረሰው በረከት አልቀረበትም። ውኃ ብቻ ደርሶት ወንጌሉን ያልሰማ ግን ለምን እንደ ረጠበ አያውቅም።

ከዚያ ይረጫል። ይህ መረጨት ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም፤ በጸሎተ ሃይማኖት ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እንላለንና። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የተቀበሉት ልጅነት አይደገምም። የዛሬው ለበረከትና ለመታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ ከሆነ ደግሞ የሚታሰብ ነገር ይኖረዋል። በክርስትናው ዕለት ክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ይዘው መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ክደዋል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው በሥላሴ ማመናቸውን ተናግረዋል። ያን ቃል የገቡት ስለ ልጁ ነው፤ ልጁ ካደገ በኋላ ቃሉ የራሱ ነው። በዚህ ሜዳ ምሥራቁን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ውኃው ፊትን ሲነካ ማዕተብን ይዞ፣ በክርስትና ስም ራስን ጠርቶ፣ ያን ቃል አንድ ጊዜ መድገም ለዛሬ አማኝ ከሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው። የክርስትና ስሙን የረሳ ወጣት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም፤ ለቁርባንም ለፍትሐትም የሚጠራው በዚያ ስም ነውና ዛሬውኑ ወላጆቹን ይጠይቅ።

ሕፃን የያዘች እናት መሐል ሜዳ አትግባ፤ በዳር ቆማ በእጅ የተቀዳ ውኃ ልጇን ብትዳብሰው ይበቃል። ጎማ በቀጥታ ወደ ፊት አይረጭም፣ ወደ ላይ ይረጭና እንደ ዝናብ ይወርዳል። የረጠበ ሰው ወዲያው ካልቀየረ የጠዋቱ ነፋስ ጉንፋን ይሰጠዋል።

ረፋድ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ታቦቶቹ ወደየአጥቢያቸው ይነሣሉ፤ አሁን መንገዱ ዳገት ነው። ትናንት ሁለት ሰዓት የፈጀው ዛሬ አራት ይፈጃል። ተሸካሚ ካህናት የሚቀያየሩበት ቦታ ከትናንት ይልቅ ይቀራረባል፣ ሊቃውንቱ ወረብ የሚያሰሙባቸው ማረፊያዎችም ለዚህ ይረዳሉ። ማሽቆልቆል ጉልበትን ያንቀጠቅጣል፣ መውጣት ትንፋሽን ይቆርጣል፤ በዝማሬ መሐል ሲሆን ግን ሰው አያስተውለውም። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በቦጎታ ጉባኤው ይህን በዓል የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ የዓለም ዓይን የሳበው ይህ ሰልፍ ነው። ሎሚ መወርወሩ፣ የወጣቶቹ ጭፈራ፣ የመንገዱ ደስታ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ክፋት የለበትም።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ትናንት አልተመለሰም፤ ከባሕረ ጥምቀቱ ሌላ ሌሊት አድሮ ዛሬ ይገባል። በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ስላለ ለዚህ አካባቢ ዕለቱ ድርብ ክብር አለው።

ጌታ በቃና ውኃውን ወይን ያደረገው በጥምቀቱ ማግሥት አልነበረም፤ ከውኃው እንደ ወጣ ለ40 ቀን ጾም ወደ ገዳም ሄዷል። ጥንተ በዓሉ የካቲት 23 ነው። አባቶች የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስማማት ወደ ጥር 12 አምጥተውታል። በቃና የነበሩት ስድስት የድንጋይ ጋኖች የመንጻት ውኃ የሚቀመጥባቸው ነበሩ። አገልጋዮቹ እስከ አፋቸው ሞሏቸው፤ የእነርሱ ድርሻ መሙላት ብቻ ነበር፣ መለወጡ የጌታ ነው። እመቤታችን “የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ” ያለቻቸውም ውኃ ለመቅዳት ነበር። ፓምፕ ለሞከረው፣ ምንጣፍ ለጠቀለለው፣ ለሊቱን ድንኳን ለጠበቀው ወጣት ይህ ወንጌል የተነበበው ለእርሱ ነው።

የሚካኤል ዝክር በየቤቱ ይቀርባል። ካለው ላይ ለጎረቤት ይወጣል፣ ጥምቀትን ብቻውን ያሳለፈ ሰው ዛሬ ይጠራል። ቤት የገባው ጠበል ንጹሕ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ክዳኑ ገጥሞ ይቀመጥ፤ የቆየውን ውኃ መጠጣት ሳይሆን መረጨት ይሻላል። ከተረፈ ሰው በማይረግጠው ቦታ፣ በዛፍ ሥር ይፈስሳል።

ታቦቱ ወደ ላይ ከገባ በኋላ ጥቂት ወጣቶች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። መጀመሪያ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ከሣሩ ይለቅማሉ፤ ሳይለቀም ግድቡ ከተከፈተ ቆሻሻው ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ ግድቡን ከማፍሰሻው በኩል ይጀምራሉ፣ ድንጋይ በድንጋይ። በአንዴ ካፈረሱት ጎርፉ በታች ያለውን የአትክልት መደብ ይጠርጋል። ቀስ ብለው ሲከፍቱት ውኃው አፈሩን ሳይነካ ወንዙ ጠበብ የሚልበትን ቦታ አልፎ ይወርዳል፣ በታች ያሉት ጎመን የሚተክሉት ሰዎችም ቦያቸውን ከፍተው ይጠብቁታል።